ምነው ዛሬ ሳትሰድቢኝ

እኔ ሰው የምሰድበው ስወደው ነው። እናቴ ይህን ስለምታውቅ "የዚህች ልጅ ፍቅር እሾህ አለው" እያለች ለጎረቤት ታስረዳልኝ ነበር። የሥራ ባልደረቦቼ እስኪለምዱኝ ግን ጊዜ ወስዷል። የምሠራው ካዛንችስ፣ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የሚገነባና የሚያንቀሳቅስ አንድ ድርጅት ውስጥ ነው። ሲያወሩት ትልቅ ነገር ይመስላል። የእኔ ድርሻ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስክሪን ማየት ነው። ማሽኖቹ ከአዲስ አበባ ጥቂት ሰዓት በመኪና የሚያስኬድ ገመገም ላይ ተተክለዋል፤ እኔ እዚህ ሆኜ የትኛው እንደሚዞር፣ የትኛው እንደቆመ፣ የትኛው እንደጋለ አያለሁ። ላንቻ ያሉ የሰፈሬ ልጆች "ነፋስ ጠባቂዋ" ይሉኛል። ነፋስ የሚጠበቅ ይመስል።

ስለ ሥራችን አንድ ነገር አስቀድሜ መናገር አለብኝ። አንድ ቴክኒሻን ታወር ላይ ከመውጣቱ በፊት በሬዲዮ ይጠራኛል። እኔ ማሽኑን አቆማለሁ፣ እሱ ከታች ይቆልፋል፤ ስልኩን፣ ሳንቲሙን፣ ከኪስ ሊወድቅ የሚችለውን ሁሉ መኪና ውስጥ ትቶ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ያንን ማሽን አስነሺ ብሎ የሚያዘኝ የለም፣ ሥራ አስኪያጁም ቢሆን። ሰውየው ራሱ ወርዶ፣ በገዛ አፉ "ወርጃለሁ፣ ልቀቂው" እስኪለኝ ድረስ ክንፉ አይነቃነቅም። ጓደኛው "ወርዷል፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ" ቢለኝ አልሰማም። እናም ከብዙ ጊዜ በኋላ ድምፅ ማወቅ ሥራዬ ሆነ። ማን እንደደከመው፣ ማን ቁርስ ሳይበላ እንደወጣ፣ ማን ከሚስቱ ተጣልቶ እንዳደረ ከአንድ "ሀሎ" እለያለሁ። እነሱም የእኔን ድምፅ እንደዚያው እንደሚያጠኑት ግን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም ነበር።

ከሁሉም አብዝቼ የምሰድበው አንዱን ነበር። የካዛንችስ ልጅ ነው። ተወልዶ ያደገበት የቀበሌ ቤት ከቢሯችን መስኮት ሥር ነበር። ከሳይት በመጣ ቁጥር መስኮቱ ጋ ቆሞ የእናቱን ጣሪያ ያሳየኛል።

"ያውልሽ፣ ያ ድንጋይ የተጫነበት።"

"ድንጋዩ ምን ይሠራል?"

"ነፋስ ቆርቆሮውን እንዳይወስደው ነዋ። እኛ ቤት ነፋስ ጠላት ነው።"

ኋላ ሰፈሩ ለልማት ተነሳና ጣሪያውም ድንጋዩም ሄዱ። እናቱ ከከተማው ዳርቻ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ጎረቤቶቻቸው አንዱ በምሥራቅ፣ አንዱ በምዕራብ ተበተኑ። እድሩ ብቻ በስሙ ቀረ። ሰዎቹ ለቅሶ ሲኖር ከያሉበት ሁለት ሦስት ታክሲ እየቀያየሩ ይመጣሉ። አሁን ከመስኮታችን ሥር ሰፊ መንገድና ገና ያልጸደቁ ዘንባባዎች አሉ። አያምርም አልልም፤ ያምራል። ግን ሰው ከቤቱ ወጥቶ ሌላውን ጎረቤቱን "እንደምን አደርክ" የሚልበት ቦታ አይደለም።

እናቱ ቂርቆስን አልተዉም። ለቅዱሱ ቀን ከዚያ ሁሉ ርቀት ይመጡና ከቅዳሴ መልስ ወደ እኛ ቢሮ ብቅ ይላሉ። አንድ ጊዜ ልጃቸው ታወር ላይ እያለ መጡ። ጥበቃው አስገባቸው፣ እኔም አጠገቤ አስቀመጥኳቸው። የልጃቸው ድምፅ በሬዲዮው "ወርጃለሁ፣ ልቀቂው" ሲል እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆዩ። ከዚያ ወዲህ ስልክ ቁጥሬን ያዙ። የሚወጣበትን ቀን ከእሱ ይሰሙና ከሰዓት በኋላ ይደውሉልኛል። ሰላምታ የላቸውም።

"ልጄ፣ ወረደልኝ?"

"ወርዷል እማማ።"

"እግዜር ይስጥሽ" ይሉና ይዘጋሉ። ይህንን ለእሱ አልነገርኩትም፤ አታስፈራሪው ብለውኝ ነበር። እሱ ግን ሲጠራኝ እንዲህ ነበር የምንነጋገረው፦

"አንቺ ነገረኛ፣ አለሽ?"

"ደግሞ መጣህ አንተ ዱርዬ? ማሽኔን ምን ልታደርጋት ነው?"

"ልፈታታልሽ።"

"እንዳለፈው ብሎን ረስተህ ውረድና ራሴ መጥቼ እገርፍሃለሁ።"

ሥራ አስኪያጃችን አንድ ሁለት ጊዜ "የሥራ ቦታ ንግግር" ስለሚባል ነገር ገሥጾናል። እሺ ብለን ቀጠልን።

ያን ቀን ነፋሱ የደከመበት ሰሞን ነበር፤ ጥገና የሚሠራው ያኔ ነው። እሱ ጠዋት ተሰዳድበን ወጥቷል። እኔ ሁለተኛ ሻዬን ሳልጨርስ ሁለት ሽማግሌዎች መቆጣጠሪያ ክፍሉ በር ላይ ቆሙ። አንደኛውን አውቃቸዋለሁ፣ አጎቱ ናቸው። ሌላው የእድሩ ሰብሳቢ እንደነበሩ ኋላ ነው የሰማሁት። "ይቀመጡ" ብላቸው አልቀመጥ አሉ። ሽማግሌ ቢሮ መጥቶ አልቀመጥም ሲል ነገሩ ምን እንደሆነ ለመገመት ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም።

"ልጄ፣ እህቴ ጎህ ሲቀድ አረፈች" አሉ አጎቱ። "በቃ፣ ምንም ሳትታመም። እሱ የት ነው ያለው?"

በጣቴ ስክሪኑን አሳየኋቸው። የቆመ ማሽን። አናቱ ላይ ያለችው ትንሽ ክፍል ውስጥ ነው፣ ከመሬት በጣም ሩቅ።

አጎቱ ስክሪኑን እንደ ልጁ ፊት አተኩረው አዩት። "እዚያ ላይ ሆኖ እንዳይሰማ" አሉ። "መንገድ ላይም እንዳይሰማ። ለብቻው እንዳይሰማ።"

የመጡትም ለዚህ ነበር። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ቤት ውስጥ፣ የሚይዘው ክንድ ባለበት ነው የሚነገረው። ወጉ ማለዳ ቢሆንም ቀብሩ ነገ ስለሆነ ማለዳውን መጠበቅ አልቻሉም። ከሁሉ ያስፈራቸው ደግሞ አንድ የዘመድ ልጅ የሟችን ፎቶ ከሻማ ጋር አድርጎ ፌስቡክ ላይ መለጠፉ ነበር። ሰው ሁሉ "ነፍስ ይማር" እያለ ከሥሩ ጽፏል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ያልሰማው እሱ ብቻ ነበር። ያልሰማውም ስልኩ መኪና ውስጥ ስለቀረ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ተጠርቶ መጣ። ደንግጦ "እናትህ ትንሽ አሟቸዋል ብንለውስ?" አለ።

የእድሩ ሰብሳቢ አዩት። "ልጄ፣ አሟታል ካልነው ሞታለች ማለታችን ነው። በዚህ አገር ለታመመ ሰው ማን ከሥራ ይጠራል?"

ስለዚህ ሌላ ውሸት ተፈለገ። ከውጭ የመጡ የኢንሹራንስ ሰዎች ዋናው መሥሪያ ቤት ተቀምጠዋል፣ ስለዚያ ማሽን የሚያስረዳቸው እሱ ብቻ ነው፣ ዛሬውኑ ይምጣ፤ ተባለ። ደህና ውሸት ነበር። ሥራ አስኪያጁ ለሹፌሩ ደውሎ እውነቱን ነገረውና መኪና ውስጥ የቀረውን የልጁን ስልክ አጥፍቶ "ባትሪ ጨረሰ" እንዲል አዘዘው። ሹፌሩ ሲያለቅስ ከስልኩ ውጭ ይሰማ ነበር። የቀረው እሱን ማውረድ ነው። ያ ደግሞ የእኔ ሥራ ነው፤ ሬዲዮው እጄ ላይ ነው።

ሦስት ሰው ከኋላዬ ቆሞ ያየኛል። ጉሮሮዬን ጠርጌ ቁልፉን ተጫንኩ።

"አለህ?" አልኩት።

"አለሁ አንቺ ነገረኛ። ምን ፈለግሽ?"

"እባክህ፣ ሥራውን እዚያው አቁመውና ውረድ። ዋናው መሥሪያ ቤት የኢንሹራንስ ሰዎች ይፈልጉሃል። እ... ቀስ ብለህ ውረድ፣ እሺ? ቀበቶህን በደንብ እሰር።"

ቁልፉን ለቅቄ ጠበቅሁ። ከዚያ፣

"ምነው ዛሬ ሳትሰድቢኝ?"

ዕድሜ ልኬን ለምላሽ ሰንፌ አላውቅም፤ ያን ጊዜ ግን ምላሴ ተሳሰረ። አንዲት ስድብ ብትወጣልኝ ሁሉ ነገር ይድን ነበር፤ አንዲት ተራ "ዱርዬ"። አልወጣም። እናቱ የሞቱበትን ልጅ እንዴት ብዬ ልስደበው?

"ሰው... ሰው አለ እዚህ" አልኩት።

"እሺ" አለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፍኩት አላውቅም። ያ መሰላል ረጅም ነው። የእድሩ ሰብሳቢ በሹክሹክታ ጸሎት ያደርሳሉ። አጎቱ ከስክሪኑ ላይ ዓይናቸውን አላነሱም። በመጨረሻ ድምፁ መጣ፣ እንደ ሁልጊዜው፦

"ወርጃለሁ፣ ልቀቂው።"

ለቀቅኩት። ክንፉ መጀመሪያ አመነታ፣ ከዚያ መዞር ጀመረ። ያን ጊዜ ሳላስበው ስልኬን አየሁ። "ወረደልኝ?" ብሎ የሚደውል አልነበረም። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

የእናቱ ቤት ኮንዶሚኒየም ነውና እዚያ ከወሰዱት ከሩቅ ድንኳኑን ያያል። ስለዚህ ወሎ ሰፈር ያለው የአክስቱ ቤት ተመረጠ። ሰማያዊ በር ያለው፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ። ሺፍቴን አስረክቤ እኔም ሄድኩ። የካዛንችስ የቀድሞ ጎረቤቶች አንድ በአንድ ይገቡ ነበር። ከስንት አቅጣጫ እንደመጡ ጫማቸው ላይ ባለው ጭቃ ይታወቃል፤ ጭቃው አንድ ዓይነት አልነበረም። አንዱ ሽማግሌ ሦስት ታክሲ ለውጠው መጥተው፣ አናታቸው ላይ ላብ እያለ፣ "ደረስኩ? አልተነገረውም?" አሉ። ደርሰዋል ሲባሉ ተመስገን ብለው ተቀመጡ። እኔ ከበሩ አጠገብ ጥግ ያዝኩ።

መኪናው ሲቆም ሰማን። በሩ ተከፍቶ ገባ፣ ሹፌሩ ከኋላው። የሹፌሩ ዓይን ቀልቷል። እሱ ግን ፈገግ ብሎ ነበር። ሽማግሌዎቹን በተራ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ይላል፣ ትከሻ ይሳሳማል፣ ለአንዱ "ኧረ ወፍረዋል" ይላል። ይህ ሁሉ የሰፈር ሰው በሥራ ቀን አክስቱ ቤት ምን እንደሚሠራ አልጠየቀም። እኔን ሲያይ ራሱን ነቀነቀልኝ።

አክስቱ ምግብ አቀረበች። ከመርዶ በኋላ ውኃ እንኳ አይወርድምና አስቀድሞ አንድ ነገር እንዲቀምስ ፈልጋ ነው። "መንገደኛ ነህ፣ ትንሽ ቅመስ" አለችው። እጁን ታጠበ። በላ። ሳህኑን ጨርሶ በላ። "ጨምሪበት" አለና የጨመረችውንም በላ። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የእሱ ማላመጥ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ፣ ይህ ልጅ አውቋል ብዬ ጠረጠርኩ።

እጁን ታጥቦ ሲጨርስ የእድሩ ሰብሳቢ ተነሡ። "ልጄ" አሉት፤ "ሁላችንም እንግዶች ነን። እናትህ እንግድነቷን ጨርሳለች። እኛ አለንልህ።" ከዚያ በኋላ የሆነውን መጻፍ አልፈልግም። ጮኸ። የተሰበሰበው ክንድ ሁሉ ያዘው። ለዚያ ነበር የተሰበሰበው። ልቅሶው የማስመሰል አልነበረም፤ እያወቀ ቢመጣም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው እዚያ ነው።

በማግሥቱ ቂርቆስ ቀበርናቸው፤ ኑዛዜያቸው ነበር።

ሰንብቶ፣ ጥቁር እንደለበሰ፣ ቢሮ መጣ። መስኮቱ ጋ ቆመ። ልማዱ ነው፤ ጣሪያው ግን የለም። ወደ ኋላው ሳይዞር፣

"ያረዳሽኝ አንቺ ነሽ" አለ።

"እኔ?"

"'እባክህ' ስትዪኝ። ማለቴ፣ አንቺና እባክህ መቼ ተዋውቃችሁ ታውቃላችሁ? 'ቀስ ብለህ ውረድ' ስትዪ በቃ፣ አለቀ። መሰላሉን የወረድኩት አልቅሼ ጨርሼ ነው።"

"ታዲያ መንገዱን ሁሉ? ምግቡንስ?"

ዞር አለ። "ሹፌሩ መኪና እየነዳ ነበር። እኔ ካለቀስኩ እሱም ያለቅሳል፣ ገደል እንገባለን። ሽማግሌዎቹስ? ከዚያ ሁሉ ሰፈር በታክሲ ተንከራትተው መጥተው፣ 'አውቄያለሁ፣ አትልፉ' ልበላቸው? ሰፈሩ ፈርሶባቸዋል። ይቺ እንኳ ትቅርባቸው እንዴ?" ወደ መስኮቱ ተመልሶ ዞሮ፣ "አክስቴ ደግሞ የሠራችውን ካልበላሁላት ዕድሜዋን ሙሉ 'ሳይበላ አረዳነው' እያለች ትቃጠላለች" አለ።

እናቱ ይደውሉልኝ እንደነበር የነገርኩት ያን ዕለት ነው። "ወረደልኝ" የሚለውን ስነግረው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ከዚያ ወር ሳይሞላ ታወር መውጣቱን ትቶ መቆጣጠሪያ ክፍል ወንበር ጠየቀ። ጉልበቴን ያመኛል አላቸው። ለእኔ ግን "ወረደ ወይ የሚል ሰው ከሌለ መውጣቱ አስጠላኝ" ነበር ያለኝ። ከጎኔ ተቀመጠ፤ ፊት ለፊት መሰዳደብ ቀጠልን።

ዓመት አልፎ እኔ ለሥልጠና ሳይት ተላክሁ። ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰው የሚያወጡና የሚያወርዱ ሁሉ አንድ ጊዜ ራሳቸው ወጥተው ይዩት ተብሎ ነው። እናቴ ላንቻ ቤታችን በር ላይ ሆና "ነፋሱ እንዳይወስድሽ" ብላ ሸኘችኝ፤ ከዚያ "ማንን ይወስዳል፣ ምላስሽ ይከብደዋል" አለችና ሳቀች። በነጋታው ታወሩ አናት ላይ ቆሜ፣ አገሩን ሁሉ ከላይ እያየሁ፣ መያዣውን በሁለት እጄ ጨብጬ ሳለሁ፣ ሬዲዮው ጮኸ። ካዛንችስ ነው። እሱ ነው።

"አንቺ ደደብ! ባለፈው ያስረከብሽው ሪፖርት ምኑም ከምኑ አይገናኝም። ሥራ አስኪያጁ እኔ ላይ ይጮኻል። ማን የቤት ሠራተኛሽ አደረገኝ? ተንከባለዪም ቢሆን አሁኑኑ ውረጂና መጥተሽ አስተካክዪው!"

"አንተ ማነህና ነው የምታዘኝ? ዱርዬ!"

"ዱርዬስ አንቺ! ነይ ብያለሁ፣ ነይ!"

ሰው ሁሉ እየሰማ። ደሜ ፈላ። መሰላሉን የወረድኩት በንዴት ነው፤ ፍርሃቱንም ረሳሁት። መኪናው ጋ ስደርስ ልደውልለትና ልክ ላስገባው ስልኬን ፈለግሁ። ሹፌሩ "ባትሪ ጨርሷል" አለኝ። አልጠረጠርኩም። ያንን ዘዴ እዚያ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ሲወጠን የሰማሁት እኔ፣ አልጠረጠርኩም። መንገዱን ሁሉ የምመልስለትን ስድብ ስመርጥ ነበር። አንዳንዱ በጣም ደህና ነበር፤ ለብቻዬ ሳቅሁ። መንገድ ዳር ቲማቲም የሚሸጡ ሴቶች ጋ መኪናውን አስቁሜ ለእናቴ ገዛሁ። የዚያን አገር ቲማቲም ትወዳለች፤ እየመረጥኩ፣ ለስለስ ያለውን እየመለስኩ፣ ከሻጯ ጋር እየተጨቃጨቅሁ ገዛሁ። ሹፌሩ ፊቱን አዙሮ ይጠብቀኝ ነበር።

ከተማ ስንገባ ሹፌሩ ወደ ካዛንችስ መታጠፍ ሲገባው አልታጠፈም። "የሥራ አስኪያጁን ዕቃ ወሎ ሰፈር አድርሰን እንሂድ" አለ። ከዋናው መንገድ ገባ አልን። መኪናው ሰማያዊው በር ፊት ቆመ።

በሩን አየሁት። ቲማቲሙ ጭኔ ላይ ነበር።

ብዙ ሰው ያ ቀን የከበደኝ ምኑ እንደሆነ ጠይቆኛል። የማስታውሰው ግን ክብደቱን አይደለም። እናቴ ያረፈችው ጠዋት ነው። ለእኔ ግን ያንን መንገድ ሁሉ በሕይወት ነበረች። ቲማቲም ስመርጥላት ነበረች፤ ለብቻዬ ስስቅ ነበረች። ያን ያህል ሰዓት የጨመረልኝ ያ "ደደብ" ብሎ የጮኸብኝ ሰው ነው።

ገባሁ። የላንቻ ጎረቤቶቻችን ተቀምጠዋል። ከእነሱ መሀል እናቴን አንድም ቀን አይተዋት የማያውቁ የካዛንችስ ሽማግሌዎች አሉ፤ ከየዳርቻው፣ ከየጭቃው መጥተዋል። እሱ ከበሩ አጠገብ፣ ያን ጊዜ እኔ በቆምኩበት ጥግ ቆሟል። ዓይኖቹ አብጠዋል፣ ድምፁ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ነበር። ሬዲዮው ላይ ያንን ሁሉ ጩኸት ከየት እንዳመጣው እስከ ዛሬ አላውቅም።

"አንተ ዱርዬ" አልኩት፣ ቀስ ብዬ።

አክስቱ ሳህን ይዛ መጣች፣ "መንገደኛ ነሽ፣ ትንሽ ቅመሺ" አለችኝ። ሰው ሁሉ ያየኛል። ቲማቲሙን መሬት አስቀምጬ እጄን ታጠብኩ። ከዚያም ሳህኑን እስክጨርስ በላሁ።